ስንት ጊዜ ይዞራል? ሉፕ በሉፕ ውስጥ ሲገባ የትእዛዞች አቈጣጠር

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈገግ ማለታቸው እንደማይቀር ዐውቃለሁ። ፈገግታቸውንም አልቃወምም፤ ነገሩን የተማርሁት ከእነርሱ ከአንዱ ነውና። ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለእነርሱ አይደለም። እንደ እኔ «ሒሳብን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ተሰናብቼዋለሁ» ብሎ ያስብ ለነበረ፣ ዛሬ ግን የታሪክ መዝገብ፣ የቃላት ዝርዝር ወይም የመጠይቅ መልስ በኮምፒዩተር ማጣራት ግድ ለሆነበት ተማሪ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አራት ጓደኛሞች ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ሰበሰብን። በሁለት ክረምት እያንዳንዳችን ወደየአገራችን ሄደን ከአያቶቻችን፣ ከጎረቤትና ከገበያ የሰማነውን በካርድ እየጻፍን 1,000፣ 1,000 ካርድ ይዘን ተመለስን። በጠቅላላው 4,000 ካርድ መሆኑ ነው። መምህራችን ያዘዙን ግልጽ ነበር፤ የተደጋገመው ተለይቶ ይውጣ፣ አንዱ ምሳሌ አንድ ጊዜ ብቻ ይቈጠር፣ ዝርዝሩም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይግባ።

ይህ ካርዶቹን በፊደል ተራ በመደርደር ብቻ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አንዱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ድር ቢተባበር አንበሳ ያስር» ብሎታል። አንዱ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሃይ» ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ካርድ ከሌሎቹ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር ያስፈልጋል። የሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረቡት መለኪያ ለዚህ ይመቻል። አንዱን ጽሑፍ ወደ ሌላው ለመለወጥ በትንሹ ስንት ፊደል መጨመር፣ መፋቅ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ ይቈጥራል፤ ቍጥሩ ትንሽ ከሆነ ሁለቱ ካርዶች ተቀራራቢ ናቸው ማለት ነው።

ፕሮግራሙን እኔ ጻፍሁት። ለሙከራ 100 ካርድ ሰጠሁት፤ በ24 ሰከንድ ያህል ጨረሰ። እኔም በልቤ «4,000 ካርድ የ100 ካርድ 40 እጥፍ ነው፤ 24 ሰከንድ በ40 ሲባዛ 960 ሰከንድ፣ ማለት 16 ደቂቃ ነው» ብዬ አሰላሁ። የኮምፒዩተር ክፍሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው። በ2 ሰዓት ፕሮግራሙን አስነሥቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ አላለቀም። ምሳ በልቼ ስመለስ አላለቀም። 12 ሰዓት ሲሆን ዘበኛው ክፍሉን ዘጋ፤ ፕሮግራሙ ውጤቱን የሚጽፈው በመጨረሻ ብቻ ስለ ነበረ የቀኑ ሥራ ሁሉ ጠፋ።

በማግስቱ ችግሩ ከኮምፒዩተሩ ነው ብዬ በሌላ ኮምፒዩተር ሞከርሁ፤ እንደ ትናንቱ ሆነ። በሦስተኛው ቀን እንደ አስታማሚ ከአጠገቡ ሳልነሣ ዋልሁ። ያን ዕለት አጠገቤ የተቀመጠ አንድ የሒሳብ ተማሪ «ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቈጥረኸዋል?» ሲል ጠየቀኝ።

«መቍጠሩን ኮምፒዩተሩ ይቍጠረው እንጂ» አልሁት።

«እርሱማ እየቈጠረ ነው፤ ያልቈጠርኸው አንተ ነህ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ ያሳየኝን ነው በራሴ ምሳሌ እዚህ የማቀርበው።

ከፊደል ገበታ እንጀምር

«ሉፕ» ማለት አንድን ትእዛዝ ወይም የትእዛዞች ቡድን ደጋግሞ ማስፈጸም ነው። አንዱ ሉፕ በሌላው ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሁላችንም ኮምፒዩተር ሳናይ በልጅነታችን ሠርተነዋል። ፊደል የቈጠረ ሁሉ ያውቀዋል። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 33 ረድፎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ 7 ፊደላት አሉ። (ዲቃሎቹንና ኋላ የተጨመረውን «ቨ»ን ለጊዜው እንተዋቸው።) የልጁ ሥራ በፕሮግራም መልክ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

ለእያንዳንዱ ረድፍ ከ1 እስከ 33፦
— ለእያንዳንዱ ፊደል ከ1 እስከ 7፦
— — ፊደሉን ጥራ።

«ፊደሉን ጥራ» የሚለው ትእዛዝ ስንት ጊዜ ይፈጸማል? 33 ሲደመር 7 ብሎ 40 የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የውጭው ሉፕ አንድ እርምጃ በተራመደ ቍጥር የውስጡ ሉፕ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ 7 ሲደመር 7 ሲደመር 7፣ እንዲህ እየተባለ 33 ጊዜ ይደመራል፤ ውጤቱም 33 × 7 = 231 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥቃቅን የሚመስል፣ ግን ፈተና ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ልጁ ፊደል ከመጥራቱ በፊት ወደ ቀኝ አይቶ «ገና ፊደል አለን?» ብሎ ይጠይቃል። በአንድ ረድፍ 7 ጊዜ «አለ» የሚል መልስ ያገኛል፤ በስምንተኛው ጊዜ «የለም» ይባልና ረድፉ ያበቃል። ስለዚህ ጥያቄው በየረድፉ 8 ጊዜ፣ በጠቅላላው 33 × 8 = 264 ጊዜ ይጠየቃል። «ገና ረድፍ አለን?» የሚለው የውጭው ጥያቄ ደግሞ 34 ጊዜ ይጠየቃል። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ያሉት ትእዛዞች ሁሉ አንድ ዓይነት ቍጥር የላቸውም ማለት ነው። ትክክለኛው ልማድ በየትእዛዙ ትይዩ የራሱን ቍጥር በእርሳስ መጻፍ ነው፤ ይህ ሲሆን ሸክሙ ያለው የት እንደ ሆነ ወዲያው ይታያል።

የውስጡ ወሰን በውጭው ሲወሰን

ፊደል ገበታ ቀላል የሆነው እያንዳንዱ ረድፍ እኩል 7 ስለ ሆነ ነው። አሁን የ12 ሰዎች ማኅበር እናስብ። ባለ ተራው ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። የሚመጣው ሁሉ አስቀድመው የተቀመጡትን እያንዳንዳቸውን በእጅ ይጨብጣል። በጠቅላላው ስንት ጊዜ ተጨባበጡ?

የመጀመሪያው ባለ ቤቱ ነውና የሚጨብጠው የለም፤ 0። ሁለተኛው 1 ሰው፣ ሦስተኛው 2 ሰዎች፣ እንዲህ እያለ ዐሥራ ሁለተኛው 11 ሰዎች ይጨብጣል። ይህም ሉፕ በሉፕ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን የውስጡ ሉፕ ርዝመት በየጊዜው ይለያያል። 12 × 12 = 144 ብንል እንሳሳታለን፤ ማንም ራሱን አይጨብጥም፣ አንድ ጊዜ የተጨባበጡም ሁለተኛ አይጨባበጡም። ማባዛት እዚህ ብቻውን አይበቃም፤ መደመር ያስፈልጋል፦

0 + 1 + 2 + … + 11

ይህን አንድ በአንድ ከመደመር ይልቅ ዝርዝሩን ገልብጠን ከራሱ ሥር እንጻፈው፦ 11 + 10 + 9 + … + 0። የላይና የታች ጥንዶቹን ስንደምር 0 ከ11፣ 1 ከ10፣ 2 ከ9፣ ሁሉም 11 ይሆናሉ። እንዲህ ያሉ ጥንዶች 12 ናቸው፤ 12 × 11 = 132። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ስለ ጻፍነው በግማሽ እንከፍላለን፤ 66 ይሆናል። አባላቱን «ጠ» ብንላቸው ደንቡ ጠ × (ጠ − 1) ÷ 2 ነው።

የሒሳብ ሰዎች እንዲህ ያለውን ድምር «ሲግማ» በሚባለው የግሪክ ፊደል ያሳጥሩታል። ምልክቱን የሥዊሱ የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተሙት መጽሐፍ ተጠቅመውበታል። ከምልክቱ ሥር የሚጻፈው መነሻው፣ ከአናቱ የሚጻፈው መድረሻው፣ በጎኑ የሚጻፈው በየእርምጃው የሚደመረው ነው። ይህ ከሉፕ ጋር አንድ ዓይነት አነጋገር መሆኑን ልብ ይሏል። ሉፑም መነሻ፣ መድረሻና በየዙሩ የሚሠራ ሥራ አለው። እንግዲያውስ እያንዳንዱን ሉፕ በአንድ ድምር መተርጐም ይቻላል፤ ሉፕ በሉፕ ውስጥ ሲገባም ድምር በድምር ውስጥ ይገባል። ሥራው የሚፈታው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ መጀመሪያ የውስጡን ድምር አስልቶ፣ የተገኘውን ለውጭው ማስረከብ ነው።

አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት የመጽሐፋቸው የመጀመሪያ ጥራዝ እያንዳንዱ ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደሚፈጸም የመቍጠርን ልማድ በሰፊው አስተምረዋል። ርእሱ በአማርኛ «የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ጥበብ» እንደ ማለት ነው። ጥበብ መባሉ እኛን የአርት ተማሪዎችን ደስ ሊለን ይገባል።

ወደ ካርዶቹ እንመለስ

አሁን የእኔን ፕሮግራም ሳላፍር ላሳያችሁ፦

ለእያንዳንዱ ሀ ከ1 እስከ 4,000፦
— ለእያንዳንዱ መ ከ1 እስከ 4,000፦
— — የካርድ ሀን ፊደላት አስተካክል፤
— — የካርድ መን ፊደላት አስተካክል፤
— — ሁለቱን አመሳክር።

ሲያዩት ሁለት ሉፕ ብቻ ያለበት ይመስላል። ነገር ግን «አስተካክል» እና «አመሳክር» የሚሉት ትእዛዞች በሆዳቸው ሌላ ሉፕ ደብቀዋል።

«አስተካክል» ማለት «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» ከነዘራቸው መመለስ ነው። የሚለወጡት አምስት ረድፎች ስለ ሆኑ 5 × 7 = 35 ፊደላት ናቸው። ፕሮግራሜ ለካርዱ እያንዳንዱ ፊደል ይህን የ35 ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ይፈትሽ ነበር። ለስሌት እንዲመች ካርዱ ሁሉ 25 ፊደል አለው እንበል፤ አንዱን ካርድ ማስተካከል 25 × 35 = 875 እርምጃ፣ ሁለቱን 1,750 እርምጃ ይፈጃል። «አመሳክር» ደግሞ የአንዱን ካርድ ፊደላት ወደ ጎን፣ የሌላውን ወደ ታች አድርጎ ሠንጠረዥ ይሞላል፤ 25 × 25 = 625 እርምጃ ነው። ለአንድ ጥንድ በጠቅላላው 2,375 እርምጃ ሆነ።

ለ100 ካርድ ጥንዶቹ 100 × 100 = 10,000 ናቸው፤ በ2,375 ሲባዛ 23,750,000 እርምጃ ነው። ይህ 24 ሰከንድ ያህል ከፈጀ ኮምፒዩተሩ በሰከንድ 1,000,000 ያህል እርምጃ ይራመዳል። እርምጃው ሁሉ እኩል ጊዜ ይወስዳል ማለቴ አይደለም፤ ለግምት ግን ይበቃል።

ለ4,000 ካርድስ? ጥንዶቹ 4,000 × 4,000 = 16,000,000 ናቸው። በ2,375 ሲባዛ 38,000,000,000 እርምጃ ይሆናል። ይህም 38,000 ሰከንድ፣ ማለት 10 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ክፍሉ ክፍት የሚሆነው ደግሞ 10 ሰዓት ብቻ ነው! ሦስቱንም ቀን ዘበኛው በሩን የዘጋው ፕሮግራሙ ሊጨርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነበር። የኔ ስሕተት ካርዱ 40 እጥፍ ሲሆን ሥራውም 40 እጥፍ ይሆናል ማለቴ ነው። ሁለቱም ሉፖች ከካርዱ ጋር ስለሚያድጉ ሥራው 40 × 40 = 1,600 እጥፍ ሆነ።

እርማቱ በሁለት እርከን ተሠራ። በመጀመሪያ የማኅበሩን ሰላምታ አስታወስን። ካርድ 7ን ከካርድ 3 ጋር ካመሳከርን፣ ካርድ 3ን ከካርድ 7 ጋር ማመሳከር ትርፉ ድካም ነው። ካርዱን ከራሱ ጋር ማመሳከርማ ራስን እንደ መጨበጥ ነው። ስለዚህ የውስጡን ሉፕ «መ ከ1 እስከ ሀ − 1» አልነው። የጥንዶቹ ቍጥር 4,000 × 3,999 ÷ 2 = 7,998,000 ሆነ። ጊዜውም ወደ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ያህል ወረደ።

ቀጥሎ «አስተካክል» የሚለውን ትእዛዝ ተመለከትን። አንድ ካርድ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ተስተካክሏል፤ ከጎረቤቱ ጋር በተገናኘ ቍጥር ፊቱን መታጠብ አያስፈልገውም። ትእዛዙን ከሁለቱ ሉፖች አውጥተን ለብቻው በፊት አስቀመጥነው፦

ለእያንዳንዱ ሀ ከ1 እስከ 4,000፦
— የካርድ ሀን ፊደላት አስተካክል።
ለእያንዳንዱ ሀ ከ2 እስከ 4,000፦
— ለእያንዳንዱ መ ከ1 እስከ ሀ − 1፦
— — ሁለቱን አመሳክር።

ማስተካከሉ በፊት 16,000,000 × 1,750 = 28,000,000,000 እርምጃ ይፈጅ ነበር፤ አሁን 4,000 × 875 = 3,500,000 ብቻ ሆነ። ከ8,000 እጅ አንድ እጅ መሆኑ ነው። ማመሳከሩ 7,998,000 × 625 = 4,998,750,000 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 5,002,250,000 እርምጃ፣ ማለት 83 ደቂቃ ያህል ነው። አዲስ ኮምፒዩተር አልተገዛም፤ የፕሮግራሙም ዓላማ አልተለወጠም። የተለወጠው አንዲት መስመር ያለችበት ስፍራና የአንድ ሉፕ መድረሻ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

አንደኛ፣ ሉፕ በሉፕ ውስጥ ባየን ቍጥር «ጠ በጠ ይባዛል» ብለን አንቸኩል። የውጭው ሉፕ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ በእጥፍ እየዘለለ እስከ 1,024 ቢሄድ፣ የውስጡም በየጊዜው ከ1 እስከዚያ ቍጥር ቢዞር፣ ድምሩ 1 + 2 + 4 + … + 1,024 = 2,047 ብቻ ነው። 1,024 × 1,024 ግን 1,048,576 ነበር። ሁለቱም ሁለት ሉፖች ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያሳየን የሉፖቹ ብዛት ሳይሆን ወሰናቸውና አረማመዳቸው ነው።

ሁለተኛ፣ ግምት ስንፈልግ እስከ መጨረሻዋ እርምጃ መቍጠር ግዴታ አይደለም። ጠ × (ጠ − 1) ÷ 2 በሚለው ውስጥ ጠ ትልቅ ሲሆን የአንዷ መቀነስ ለውጥ አያመጣም። ቁም ነገሩ ካርዱ እጥፍ ሲሆን ሥራው አራት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ለ8,000 ካርድ ጥንዶቹ 31,996,000 ናቸው፤ ሊቃውንቱ ይህን ዐይነቱን ዕድገት «የጠ ካሬ» ይሉታል። ይሁን እንጂ ይህ አጭር አነጋገር ብቻውን አያድንም። የእኔ የመጀመሪያው ፕሮግራምና የታረመው ሁለቱም «የጠ ካሬ» ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ በሩ ሲዘጋ አላለቀም፣ ሌላው ከምሳ በፊት አለቀ። ስለዚህ መጀመሪያ እንቍጠር፤ ከቈጠርን በኋላ እናሳጥር።

ሥራው እንዴት አለቀ?

ፕሮግራሙ በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አለቀ። ያወጣው ግን የተቀራረቡ ካርዶችን ዝርዝር እንጂ ፍርድ አይደለም። «ቢያብር»ና «ቢተባበር» አንድ ምሳሌ ናቸው ወይስ ሁለት? በአንድ ፊደል የሚለያዩት ሁለት ካርዶች የጸሐፊ ስሕተት ናቸው ወይስ የአገር አነጋገር ልዩነት? ይህን የሚመልስ ሉፕ የለም። አራታችን በቀሩት ቀኖች ተቀምጠን የተከራከርነው በዚህ ነው፤ ከኮርሱ ሁሉ የተማርንበትም ይኸው ክርክር ነበር። 7,998,000 ጥንድ ካርድ በሰው ዐይን እናመሳክር ብንል፣ ለአንዱ ጥንድ 10 ሰከንድ ብቻ ብንሰጥ እንኳ፣ ሌትና ቀን ሳይቋረጥ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅ ነበር። ሦስቱን ቀን ያባከንሁት እኔ ነኝ፤ ጓደኞቼ የከፈሉት ደግሞ ለዚህ ክርክር ሊሆን ከሚገባው ጊዜያቸው ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፕሮግራማችሁን ከማስነሣታችሁ በፊት አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ያዙ። በየትእዛዙ ትይዩ «ስንት ጊዜ?» ብላችሁ ጻፉ። በትእዛዙ ሆድ የተደበቀ ሉፕ ካለ አውጡት። ከሉፑ ጋር የማይለወጥ ሥራ በሉፑ ውስጥ ካለ ወደ ውጭ አስወጡት። ድምሩን አስሉና በሩ ከሚዘጋበት ሰዓት ጋር አስተያዩት። አሥር ደቂቃ ቢወስድባችሁ ነው።

ከካርዶቻችን መካከል «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ» የሚል ነበረ። ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘው፤ አንደኛውን ካርድ የጻፍሁት እኔ ራሴ ነበርሁ።